ጉርሻው ለበረኛዋ

ሚስቴ አራት ዓመት ዛሪማ ስታስተምር እኔ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ ከመጻሕፍቴ ጋር ኖሬያለሁ። ይህን የሚሰማ ሁሉ ያዝንልኝ ነበር። ሐዘናቸው ግን «ምግብ ማን ይሠራልሃል?» ከሚለው አያልፍም፤ ይሄ ያናድደኛል። ምግብ መሥራት እችላለሁ። የማልችለው በቀን አንድ ጊዜ እንኳ የሚቃወመኝ ሰው ሳይኖር መኖር ነው። እኔና እሷ ሃያ ዓመት የተከራከርን ሰዎች ነን፤ ክርክር ደግሞ በስልክ አይሆንም። እኔ ያሸነፍኩ ሲመስለኝ ኔትወርኩ ይጠፋና «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አይሰማኝም» ትላለች። እውነት አይሰማት እንደነበር እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

በወር አንድ ጊዜ፣ ሲቀናት ሁለት ጊዜ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወጥታ ደባርቅን አልፋ ትመጣለች። ዓርብ ደርሳ ቅዳሜ ልብስ ታጥባለች፣ እሁድ ትመለሳለች። ትዳር እንዲህ ሲሆን ባልና ሚስት ቀስ በቀስ እንግዳና አስተናጋጅ ይሆናሉ። አንድ ቀን ሻይ ስቀዳላት «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ፤ ሁለታችንም ደነገጥን።

ስለዚህ በዐቢይ ጾም መካከል፣ ከተማው ውስጥ ያለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር እንደሚፈልግ ስንሰማ ነገሩ የሥራ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ቦታውን ካገኘች ወደ ቤቷ ትገባለች። ካላገኘች ሌላ ክፍት ቦታ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም። ውድድሩ ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱ አመልካች ሶስት ገምጋሚዎች ባሉበት ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምራል። ለእሷ የደረሳት ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ነው። ርዕሱ ደግሞ ሴል በሽፋኑ በኩል ነገሮችን በጉልበት እንዴት እንደሚያስገባና እንደሚያስወጣ የሚል ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ነገረችኝ።

«ርዕሱ ከባድ ነው?» አልኳት።

«ርዕሱ አይደለም የሚከብደው። ሁሉም መምህር ይሄን ሲያስተምር ሰሌዳ ላይ የውሃ ፓምፕ ይስላል። ገምጋሚዎቹ ሃያ ፓምፕ አይተዋል። እኔ ሃያ አንደኛውን ስዬ ወደ ዛሪማ እመለሳለሁ።»

«ፓምፕ አትሳይ እንግዲህ።»

«ምን ልሳል?»

ሰው እንዲህ ሲጠይቀኝ አላምርም። ስለ ሁሉም ነገር አስተያየት ያለው ሰው ምን እንደሚያደርግ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ነው። «መጀመሪያ ለእኔ አስረጂኝ» ብዬ ጊዜ ገዛሁ።

አስረዳችኝ። በሰውነታችን ያለ ሴል ሁሉ በቀጭን ሽፋን የታጠረ ነው። ከአጥሩ ውጭ ሶዲየም ሞልቷል፤ ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው አንዱ ግማሽ እሱ ነው። ከአጥሩ ውስጥ ደግሞ ፖታሲየም ሞልቷል፤ ሙዝና ድንች ውስጥ የሚገኘው። አጥሩ ቀዳዳ አያጣውም። ሶዲየም ሾልኮ መግባት ይፈልጋል፣ ፖታሲየም ሾልኮ መውጣት ይፈልጋል። ሁለቱም ከበዛበት ወዳነሰበት መሄድ ነው የሚሹት፤ ማንም ሳይገፋቸው፣ ውሃ ቁልቁል እንደሚፈስ። ዝም ቢባሉ ውስጡና ውጩ እኩል ይሆናል። እኩል የሆነ ሴል ግን የሞተ ሴል ነው። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ የተተከለች አንዲት ፕሮቲን አለች፤ ሥራዋ ሶስት ሶዲየም ወደ ውጭ መግፋት፣ ሁለት ፖታሲየም ወደ ውስጥ መጎተት ነው። ሁለቱንም የምታደርሳቸው ወደ ሞላበት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በነጻ አይሠራም፤ ለእያንዳንዱ ዙር ኤቲፒ ከሚባለው የሴሉ ስንቅ አንድ ይጠፋል።

በጣም ደስ አለኝ። ዕድሜ ልኬን «ሚዛናዊ ሁን» ሲሉኝ ኖረዋል። ጽሑፌን ያነበበ ሁሉ የሚሰጠኝ ምክር ይሄው ነው። ለካ ሙሉ በሙሉ ሚዛኑን የጠበቀው ሬሳ ብቻ ኖሯል። ይህን ለሚስቴ ስነግራት «ይሄን ሰኞ አልናገረውም» አለች።

በዚያው ሞቅታ ሌላ የቆየ ነገሬን አወጣሁ። «እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን» የሚለውን አባባል አልወደውም። መቀበል ማለት በር ከፍቶ መቆም ነው። እኛ ጎንደር ውስጥ በር ከፍተን ቆመን አናውቅም፤ እንጎትታለን። የሰርግ ዳሱ ሞልቶ፣ ሰው ጉልበት ለጉልበት ተጣብቆ ተቀምጦ ሳለ፣ በመንገድ የሚያልፈውን «ወዴት ነው? ግባ እንጂ» ብለን እጁን እንይዛለን። እሱ ቸኩያለሁ ይላል፣ እኛ አንለቅም። ውስጥ ያሉትን «ጠጋ ጠጋ በሉ» እንላለን። ባዶ ቤት ሰው ማስገባት ማንም ያደርገዋል። እኛ የምንጎትተው ወደ ሞላው ቤት ነው።

ሚስቴ ቦርሳዋን ያኔ አወረደች። «ይሄ ይሆናል» አለች። «ሰሌዳ አልፈልግም። በር ነው የሚያስፈልገኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት የሳሎናችን በር የሴል ሽፋን ሆነ። ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ፤ እነሱና እኔ ሶስት ሶዲየም ሆነን ውስጥ ቆምን። ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ የምትገፋውና የምትጎትተው ፕሮቲን ሆነች። ፖታሲየም ሁለት ያስፈልጋል፤ ያለን ሰው ግን አንድ ብቻ ነበር። እሳቸውም የሚስቴ አጎት ናቸው፤ ከኮላ ድባ ለዓይን ሕክምና መጥተው እኛ ዘንድ የሰነበቱ። ተከራዮቹን ጨምሮ ሁላችንም «አያ» ነው የምንላቸው። ሁለተኛው ፖታሲየም ባዶ ጀሪካን ሆነ።

«እኔ ምንድን ነኝ ነው ያልሽኝ?» አሉ አያ።

«ፖታሲየም ነዎት። ውጭ ይቆማሉ፤ እነሱ ሲወጡ እርስዎ ይገባሉ።»

«ከማን ጋር?»

«ከጀሪካኑ ጋር።»

አያ ጀሪካኑን ቁልቁል አዩት። «ሸጋ ነው» አሉ። «አያስለፈልፈኝም።»

ጀመርን። ተማሪዎቹ ወደ በሩ ሄዱ፤ አያን ደጅ ቆመው ሲያዩ ግን ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ይግቡ አያ፣ ይቅደሙ።»

«የለም፣ እናንተ ውጡ። ልጆች ናችሁ፣ ትቸኩላላችሁ።»

«እርስዎ ቆመው እኛ እንለፍ?»

«ግድ የለም ልጆቼ፣ እለፉ።»

«ኧረ አይሆንም አያ።»

ሚስቴ በመካከላቸው እጇን አጣምራ ቆማ «ሴሉ እየሞተ ነው» አለች። ማንም አልሰማትም። ጎንደር ውስጥ አንድ በር ላይ ሁለት ጨዋ ሰዎች ከተገናኙ የሚያላቅቃቸው ዝናብ ብቻ ነው። በመጨረሻ ተማሪዎቹን በትከሻቸው ይዛ ገፍታ አስወጣቻቸው፤ እኔም ተከተልኩ። አያ ግን አልገቡም። ደጅ ያለው መደብ ላይ ተቀመጡ።

«ምነው አያ?»

«ምነው ትያለሽ? እኔ ስመጣ ሶስት ሰው ተነሥቶ የሚወጣው ምን አጥፍቼ ነው?»

ፖታሲየም አኮረፈ። ሚስቴ ሳይንሱን ልታስረዳ ሞከረች፤ አያ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሟት፣ ግን አልተነሡም። ስለዚህ ወደ ውስጥ ገብታ ከቁርስ የተረፈ ዳቦ ቆርሳ ወጣች። «በሞቴ» አለችና አጎረሰቻቸው። አያ እያኘኩ ተነሥተው ጀሪካኑን በጆሮው አንጠልጥለው ገቡ።

«አገኘሁት» አልኩ። «ኤቲፒ ማለት ጉርሻ ነው። እንግዳው እምቢ ሲል ታጎርሺዋለሽ፣ ይገባል።»

«አላገኘኸውም» አለች ሚስቴ። «ጉርሻው ለእንግዳው አይደለም። ለበረኛዋ ነው።»

እንዲህ ስትሆን ልክ እንደሆነች አውቃለሁ፤ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ፕሮቲኗ መጀመሪያ ፊቷ ወደ ውስጥ ነው። ሶስት ሶዲየም ሲይዟት ኤቲፒ ይመጣና ከራሱ ቆርሶ ያጎርሳታል። ያን ስትጎርስ ቅርጿ ይለወጣል፤ ፊቷ ወደ ውጭ ይዞራል፣ የያዘቻቸውንም ትለቃቸዋለች። ፊቷ ወደ ውጭ ሳለ ሁለት ፖታሲየም ይይዟታል። ያኔ የጎረሰችው ከአፏ ይወጣል፣ ፊቷ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይዞራል፣ እነሱም ገቡ ማለት ነው።

«ከአፏ ይወጣል?» አሉ አያ። «ጉርሻ ሊተፋ?»

ስለዚህ እኛ ዘንድ «ትውጠዋለች» በሚል ተሻሻለ። ለሳይንስ ብለን ጉርሻ የምናስተፋ ሰዎች አይደለንም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ደግመን ተለማመድን። በዚህኛው ቀን ነገሩ ተሳካ። ተማሪዎቹ አያን ላለማየት መሬት መሬት እያዩ ይወጣሉ፣ ሚስቴ ትጎርሳለች፣ ትዞራለች፣ ትውጣለች፣ አያና ጀሪካኑ ይገባሉ። አያ አምስት ጊዜ ገቡ። በስድስተኛው ራሳቸው «ጉርሻውን ረሳችሁ፣ ዝም ብዬ አልገባም» ብለው አስቆሙን። ዓይናቸው በደንብ የማያይ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌ በሁለት ቀን ከገባቸው፣ አሥራ አንደኛ ክፍል እንዴት አይገባውም ብለን ተጽናናን። ሰኞ ጠዋት ማራኪ ካለው ዳቦ ቤት ሁለት ትኩስ ዳቦ ገዝቼ ተከተልኳት። ማነህ የሚለኝ ካለ የትምህርት መርጃ ተሸካሚ ነኝ ልል አስቤ ከክፍሉ ኋላ ተቀመጥኩ።

ሁለት ገምጋሚዎች ቀድመው ደርሰዋል። የትምህርት ክፍሉ ተጠሪ እስክሪብቶ ይዘው፣ ርዕሰ መምህሩ ሰዓታቸውን እያዩ ተቀምጠዋል። ሶስተኛው፣ ሽማግሌው ሱፐርቫይዘር፣ ገና በመንገድ ላይ ናቸው ተባለ። ሚስቴ ተማሪዎቹን ከፈለች። ክፍሉ ሴል ነው፣ በሩ ሽፋኑ ላይ ያለው መተላለፊያ። የኋላዎቹን ሁለት መስመር ወደ በረንዳው አውጥታ «እናንተ ውጭ ያላችሁ ሶዲየሞች ናችሁ፤ ስጠራችሁ ብቻ» አለቻቸው። ሁለት ልጆችን ፖታሲየም ብላ ከእነሱ ጎን አቆመች። አንድ ረጅም ልጅ በረኛ ሆነ። ሶስት ሶዲየሞች ከውስጥ መጥተው ክንዱን ያዙት። እስከዚህ ድረስ ያማረ ነበር፤ የተጠሪዋ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ሲጽፍ አየሁ።

ሚስቴ ዳቦውን ቆርሳ ወደ ልጁ አፍ አቀረበች።

ልጁ አፉን ገጠመ።

«ጉረስ» አለችው።

አንገቱን ወደ ኋላ ስቦ በቀስታ «ቲቸር፣ ጿሚ ነኝ» አለ።

ያኔ ገባኝ። ቅዳሜና እሁድ በጾሙ ጊዜም ቢሆን ሰው ከጠዋት ጀምሮ ይበላል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን ጿሚ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምስም። የተለማመድነው በቅዳሜና በእሁድ ነው። ሐሳቡን ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ከጾም ጋር ከተለያየሁ ብዙ ዓመት የሆነኝ፣ ያን ጠዋት እንኳ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ አንዱን ቆርሼ የቀመስኩት እኔ።

«አንተስ?» አለች ሚስቴ ወደ ሶዲየሞቹ ዞራ።

«እኔም ቲቸር።»

«እኔም።»

«እኔ ጾሙን ዛሬ ልተወው?» አለ አንዱ፤ ጎረቤቱ በክርኑ ጎሸመው።

የተጠሪዋ እስክሪብቶ ቆመ። ርዕሰ መምህሩ ሰዓታቸውን ማየት ትተው ዳቦውን ማየት ጀመሩ። ሚስቴ ዓይኗን ወደ እኔ ላከች። ያን አተያይ አልገልጸውም፤ ባለትዳር የሆነ ያውቀዋል። ከዛሪማ ጋር የምንቆይ መሆናችንን በዚያች ቅጽበት አምኜ ነበር።

ሚስቴ ግን ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና መሳቅ ጀመረች። «እኔም ጿሚ ነኝ» አለች። «ሳልቀምስ ነው የመጣሁት። ዳቦ ተሸክሜ በጾም ቀን ጉረሱ የምል የመጀመሪያዋ መምህር ሳልሆን አልቀርም።» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አሁን ግን እዩት። ሴሉ ምን ሆነ? ስንቅ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ነው። በረኛው ግን አልጎረሰም። ካልጎረሰ አይዞርም። ሶስቱ ሶዲየሞች ክንዱን እንደያዙ ቆመዋል። ሽፋኑ ቀዳዳ እንዳለው ነግሬያችኋለሁ፤ ውጭ ያላችሁ፣ በሁለተኛው በር ግቡ።»

ክፍሉ የኋላ በር ነበረው። በረንዳ ላይ ያሉት ሲጠሩ ገቡ፤ እየተሳሳቁ፣ እየተገፋፉ፣ በወንበሮቹ መካከል። ማንም አልጎተታቸውም፤ ነጥቡም እሱ ነበር። ሁሉም ገብተው ሳያበቁ ከኋላቸው አንድ ሽበታም ሰው፣ ኮት ለብሰው፣ ፋይል በብብታቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ሱፐርቫይዘሩ ነበሩ። ተማሪዎቹ እንደ አንድ ሰው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ይቅርታ፣ ዘገየሁ። ልግባ?» አሉ።

ሚስቴ አንድ አፍታ አሰበች። ያን አፍታ እኔ አንድ ወር ልበለው። «ይግቡ» አለች። «እርስዎ ውሃ ነዎት።»

ሱፐርቫይዘሩ ፋይላቸውን አስተካከሉ።

«ውሃ?»

«አዎ። ሶዲየም ወደበዛበት ውሃ ይከተለዋል። ማንም አይጠራውም፣ ማንም አይገፋውም፤ ይመጣል። ተማሪዎች፣ አሁን ቤቱን እዩት።»

አየነው። የነበሩት፣ የገቡት፣ ገምጋሚዎቹና ውሃው ተደራርበን ነበር። አንድ ልጅ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ወጥቷል። «በረኛው ያልዞረለት ሴል እንዲህ ያብጣል» አለች ሚስቴ። «የሚጎርስ ሰው ካልተገኘ ይፈነዳል። ርዕሱን በስም ከማስተምራችሁ በፊት ይሄን ማየታችሁን ወድጄዋለሁ።»

ከሶስተኛው መስመር አንዲት ሻሽ ያሰረች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የእኛ ጾም ካለቀ ሳምንቱ ነው። እኔ ልጉረስ?»

«ጉርሺልን» አሉ ሶስት አራት ልጆች በአንድ ላይ።

ልጅቷ ወደ በሩ ሄዳ ረጅሙን ልጅ በትከሻው ነካ አድርጋ ተካችው። አባቷ ቅዳሜ ገበያ ሱቅ እንዳላቸው በኋላ ሰማሁ፤ ያን ባልሰማም በር ላይ አቋቋሟ ይናገር ነበር። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ዝም ብሎ ቆመ የሚለውን ማየት ከልጅነቷ የለመደች ናት። ሶስቱን ሶዲየሞች በአንዱ ክንዷ ላይ ደረደረቻቸው።

«ትልቅ አድርጊልኝ ቲቸር፣ ሥራው ብዙ ነው» አለች።

ሚስቴ አጎረሰቻት። ልጅቷ ዞረች፤ ሶስቱን ወደ ውጭ ለቀቀቻቸው፣ ሁለቱን ፖታሲየሞች በእጅጌያቸው ይዛ ጉርሻዋን ዋጠች፣ ተመለሰች፣ ገቡ። ክፍሉ አጨበጨበ። ጭብጨባው ለሳይንሱ ይሁን ለዳቦው አላወቅሁም፤ አርባ ጿሚ አንድ ሰው ሲያኝክ እንዲያ በትኩረት ሲያይ አይቼ አላውቅም። የገቡት ፖታሲየሞች በኋላ በር ሾልከው እየወጡ ለሚቀጥለው ዙር ይሰለፉ ነበር፤ ፖታሲየም የሚወደውም መሹለክ ነው። «ቀስ ብለሽ አኝኪ» አላት አንዱ። «አትዩኝ፣ ሆዴን ታሳምሙኛላችሁ» አለችው። ከአራተኛው ዙር በኋላ ደረቷን መታ መታ አድርጋ «ይሄ ሁሉ ጉርሻ ለሶስት ለሶስት ሰው ነው እንዴ ቲቸር?» አለች።

«ለሶስት ለሶስት ሰው ነው» አለች ሚስቴ። «ዝም ብላችሁ ተኝታችሁ እንኳ ከምትበሉት ትልቅ ድርሻ ለዚህች በረኛ ነው የሚሄደው። ይሄ አክቲቭ ትራንስፖርት ይባላል። አሁን ደብተር አውጡ።»

ሶዲየሞቹ እየቀነሱ ሄዱ። ክፍሉ ሲሳሳ ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ወደ ሱፐርቫይዘሩ ማየት ጀመሩ። ሁሉም ተምረዋል። ሶዲየም ከወጣ ውሃ ምን ይሠራል? ሚስቴም አየቻቸው፤ ፊቷ ላይ ከዛሪማ እስከ ጎንደር ያለው መንገድ በሙሉ ሲያልፍ አየሁት። ሽማግሌ እንግዳ፣ ያውም ገምጋሚ፣ ከክፍል ማስወጣት ማለት ነው።

«ውሃም ይከተላል» አለች በቀስታ።

ሱፐርቫይዘሩ ተነሡ። ኮታቸውን ቆልፈው፣ ፋይላቸውን ይዘው፣ በበረኛዋ በኩል ሳይሆን በኋላ በር ወጡ። ትክክል ናቸው፤ ውሃ የራሱ መንገድ አለው። ደጅ ቆመው በመስኮቱ ብቅ አሉ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አሉ። «ከወጣሁ አይቀር ልጠይቅ። ሶስት ታወጣለች፣ ሁለት ታስገባለች፣ እነዚያ በቀዳዳው ይመለሳሉ፣ እንደገና ታወጣለች። ይሄ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? አብጦ እንዳይፈነዳ ብቻ ነው?»

ሚስቴ ወደ መስኮቱ ሄደች። «አሁን ሲጠይቁኝ የሰማሁዎት በዚህ ድካም ነው» አለች። «የነርቭ ሴል መልእክት ሲያስተላልፍ ለአንድ አፍታ በሩን ይከፍታል፤ ውጭ የታገደው ሶዲየም ተግተልትሎ ይገባል። መልእክቱ ያ መግተልተል ነው። ውስጡና ውጩ እኩል ቢሆን ኖሮ በሩ ቢከፈትም የሚገባ አይኖርም፤ እርስዎ ይናገራሉ፣ እኔ አልሰማም። በረኛዋ ልዩነቱን ባታቆየው ኖሮ ከርስዎ ጋር አንነጋገርም ነበር።»

ሱፐርቫይዘሩ ፋይላቸውን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አድርገው እዚያው ቆመው ጻፉ። ረጅም ጻፉ። ከዚያ «አሁን ማን ያስገባኛል?» አሉ።

«እርስዎን የሚያስገባ የለም» አለች በረኛዋ ልጅ፣ አፏ ሙሉ ሆኖ። «ራስዎ ነው የሚገቡት።»

ከትምህርት ቤቱ ስንወጣ ሚስቴ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። የተረፈው ዳቦ በላስቲክ ሆኖ እጄ ላይ ነበር።

«የማይጾም ሰው ሐሳብ ሰምቼ» አለች በመጨረሻ።

«ያለ እሱ ስህተት ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

«ይሄን እንደ ክርክር ልታቀርበው ነው?»

«አቅርቤዋለሁ።»

«ዳቦውን ስጠኝ» አለች። ወሰደችውና ለዘጠኝ ሰዓት ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ በጠዋት መኪና ወደ ዛሪማ ተመለሰች።

ሐሙስ ደወለች። በዚያ ቀን ኔትወርኩ ጥርት ያለ ነበር፤ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ። ቦታው የእሷ ሆኗል። ሱፐርቫይዘሩ በማስታወሻቸው ላይ ምን እንደጻፉ ተጠሪዋ አንብበውላታል፤ «መምህሯ ከክፍል አስወጥታኛለች፤ ምክንያቷ በቂ ነው» ይላል። እኔ ስልኩን ይዤ ግቢው መካከል ቆሜ ነበር። አያ ከመደቡ ሆነው «ምነው፣ ምን ሆነች?» አሉኝ። «መጣች» አልኳቸው።

«ገና ነኝ» አለችኝ በስልኩ። «ለሶስት ሳምንት ታገሱኝ ብያቸዋለሁ፣ እሺ ብለውኛል። እዚህ ያሉት ልጆቼ ይሄን ምዕራፍ አልጨረሱም።»

አራት ዓመት ጠብቄ ሶስት ሳምንት አልጠብቅም ብዬ ተከራከርኩ። ማን ያስተምራቸዋል አለች። ሌላ መምህር አልኩ። የትኛው ሌላ መምህር አለች። እንደ ልማዴ ድምጼን ከፍ አደረግሁ። እሷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። በዚያው ተሸነፍኩ፤ ደስ ብሎኝ ተሸነፍኩ፤ ከአሁን በኋላ ስሸነፍ ፊቷን እያየሁ ነው።

«ደግሞ» አለች ከመዝጋቷ በፊት፣ «የአልጋውን ግማሽ ባዶ አድርገህ ጠብቀኝ። በእኔ በኩል ስንት መጽሐፍ እንደከመርክ አላውቅም ብለህ ነው?»

ያን ከሰዓት መጻሕፍቱን ከአልጋው ማንሣት ጀመርኩ። መደርደሪያው ከረዥም ጊዜ በፊት ሞልቷል፤ አንድ ለማስገባት አራቱን በክርን መግፋት ያስፈልጋል። አያ በሩ ላይ ወንበር ስበው ተቀምጠው በሚያይላቸው ዓይን ይመለከቱኝ ነበር።

«እዚያ እኮ ቦታ የለም» አሉ።

«አውቃለሁ አያ።»

«እና ምነው ትገፋለህ?»

«እሷ ልትመጣ ነው» አልኳቸውና ቀጣዩን አነሣሁ።